የደም ግፊታችንን የሚከታተሉት ነርቮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንገታችን ውስጥና ከልባችን በላይ የደም ግፊታችንን በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። በሕክምናው ዓለም ባሮሪሴፕተር ይባላሉ። ስለ ደም ግፊት ሲወራ ጨው ይነሳል፣ ክብደት ይነሳል፣ መድኃኒት ይነሳል። እነሱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይሄ ያስቆጨኛል። ሥራቸውን ያወቀ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ለምን እንደሚያዞረው ይገባዋል። ከፍ ያለ ግፊት ለምን ለዓመታት ሳይታወቅ እንደሚቀመጥም ይገባዋል።

ከተኛሁበት ብድግ ስል ዓይኔ ጭልም ይልብኛል። ምን ሆኜ ነው?

ደሙ ወደ ታች ወርዶባችሁ ነው። ተኝታችሁ ሳለ ልብና ጭንቅላት በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ደም ወደ አንጎል ለመድረስ ሽቅብ መውጣት የለበትም። ስትቆሙ ግን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ደም መልሶች ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ልብም ያገኘውን ነውና የሚረጨው፣ የሚያወጣው ያንሳል። ግፊቱ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው አንጎል ደግሞ መጀመሪያ የሚጎድልበት እሱ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሁሉ ሲሆን ምንም አይታወቀንም። አንገት ላይ ያሉት ነርቮች የግፊቱን መውረድ ወዲያው ይይዙታል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ስሮች ይጠብባሉ፣ ነገሩ በሰከንዶች ውስጥ ይስተካከላል። ዓይን ጭልም የሚለው ማስተካከያው ትንሽ ሲዘገይ ነው። ውሃ ሳንጠጣ ስንውል፣ ሙቀት ሲበዛ፣ ወይም ረጅም ሰዓት ተኝተን በአንዴ ስንነሳ ጤነኛ ብንሆንም ያጋጥመናል። አንድ ቀን ሆኖ ካለፈ የሚያስደነግጥ አይደለም።

እነዚህ ነርቮች በትክክል የት ነው ያሉት?

ዋነኞቹ ሁለት ቦታ ላይ ናቸው።

አንደኛው አንገት ነው። ከማንቁርታችሁ ጎን፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሁለት ጣት በስሱ ብታሳርፉ የሚመታ ነገር ታገኛላችሁ። ካሮቲድ የሚባለው ደም ቅዳ ነው። ይሄ ደም ቅዳ ወደ ላይ ይወጣና ከመንጋጋ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፊትና ወደ ራስ ቆዳ ይሄዳል። ሌላው አንጎልን ይመግባል። አንጎልን የሚመግበው ቅርንጫፍ መነሻው ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ካሮቲድ ሳይነስ የሚሉት ይሄንን ቦታ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የደም ስሩ ግድግዳ ከሌላው ክፍል ይሳሳል፣ በቀላሉም ይለጠጣል። ነርቮቹ ጫፋቸውን እዚያ ግድግዳ ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ቦታ አኦርታ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የሚታጠፍበት ቅስት ላይ ሌላ የነርቭ ጫፎች ስብስብ አለ።

አቀማመጣቸውን አስቡት። አንዱ ልብ ደጃፍ ላይ ሆኖ ለመላው ሰውነት የሚወጣውን ደም ይጠብቃል። ሌላው ወደ አንጎል የሚያስገባው በር ላይ ቆሞ ወደዚያ የሚያልፈውን ይጠብቃል። የግፊት መቆጣጠሪያ የት ይቀመጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ግፊትን የሚያውቁት እንዴት ነው?

በመለጠጥ። ልብ በመታ ቁጥር ደም ቅዳው ትንሽ ይነፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። የነርቩ ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አብሮ ይለጠጣል። ነርቩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ እንደ በር የሚከፈቱ ፕሮቲኖች አሉ። ሽፋኑ ሲወጠር በሮቹ ይከፈታሉ። የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ነርቩም መልእክት ይልካል። ብዙ ሲለጠጥ መልእክቱ ይደጋገማል፣ ሲላላ ይሳሳል።

በሮቹ የትኞቹ ፕሮቲኖች እንደሆኑ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአርደም ፓታፑቲያን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ፒየዞ1 እና ፒየዞ2 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን አገኘ። በ2018 ደግሞ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከእነዚህ ነርቮች ላይ አንድ ላይ ሲጠፉ አይጦቹ የግፊት ለውጥን ማረም አቃታቸው፤ ግፊታቸው ሽቅብና ቁልቁል ይዋዥቅ ጀመር። ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ተካፍለዋል። ፒየዞ2 ቆዳችን ስስ ንክኪን እንዲያውቅ የሚያደርገውም ፕሮቲን ነው። ሰው እጃችንን ሲነካን የምናውቅበትና የደማችን ግፊት የሚታወቅበት በር አንድ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ነርቮች ከሁሉ በላይ የሚነቁት ለለውጥ ነው። ግፊቱ ወደ 150 እየወጣ ባለበት ቅጽበት የሚልኩት መልእክት፣ 150 ላይ ረግቶ ሲቀመጥ ከሚልኩት በጣም ይበልጣል። ይሄ ነገር በኋላ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

የሚሠሩበት የግፊት ክልል ስንት ነው?

ካሮቲድ ሳይነስ ላይ ያሉት አማካይ ግፊት ከ50 ወይም ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሲሆን ዝም ይላሉ ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ እየጨመሩ ሄደው 180 አካባቢ ጣሪያቸው ላይ ይደርሳሉ። የአኦርታዎቹ የሚጀምሩት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ትንሿን ለውጥ እንኳ አሳምረው የሚይዙት ግን መሐሉ ላይ፣ ግፊታችን በጤናችን ጊዜ በሚውልበት አካባቢ ነው።

መልእክቱ የት ይደርሳል? አንጎልስ ምን ያደርግበታል?

ከአንገት የሚነሳው መልእክት በዘጠነኛው የራስ ነርቭ፣ ከአኦርታ የሚነሳው በአሥረኛው ማለትም በቫገስ ነርቭ በኩል ይጓዛል። ሁለቱም የሚደርሱት አንድ ቦታ ነው፤ የአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል፣ ሜዱላ የሚባለው። እዚያ እኛ ሳንጠየቅ ውሳኔ ይሰጣል።

አንጎል ሁለት መሣሪያ አለው። ቫገስ የልብ ፍሬን ነው። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ደግሞ ነዳጅ ናቸው፤ ልብን ያፈጥናሉ፣ ደም ስሮችን ያጠብባሉ። ግፊት ሲጨምር ከአንገትና ከአኦርታ የሚመጣው መልእክት ይበዛል። አንጎል ፍሬኑን ይይዛል፣ ነዳጁን ይቀንሳል። ልብ ረጋ ይላል፣ ደም ስሮች ይላላሉ፣ ግፊቱ ይወርዳል።

ግፊት ሲወርድስ? ብዙ ሰው ነርቮቹ የድረሱልን ጩኸት የሚያሰሙ ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ድምፃቸው ይጠፋል። አንጎል የሚያነበው ዝም ማለታቸውን ነው። እንደወትሮው የሚመጣው መልእክት ሲቋረጥበት ፍሬኑን ይለቃል፣ ነዳጁን ይረግጣል። ልብ ይፈጥናል፣ ጠንከር ብሎም ይመታል። የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠብባሉ። ደም መልሶችም ተኮማትረው ያጠራቀሙትን ደም ወደ ልብ ይመልሳሉ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይጨምራሉ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ፊቱ የሚገረጣው፣ እጁ የሚቀዘቅዘውና ልቡ የሚመታበት በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነቱ ያለችውን ደም ለአንጎልና ለልብ እያዳነ ነው።

ይሄ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ሁለቱ መሣሪያዎች ፍጥነታቸው እኩል አይደለም። ቫገስ ፈጣን ነው፤ የሚቀጥለው የልብ ምት ላይ ሥራው ሊታይ ይችላል። የደም ስሮች መጥበብ ግን ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። በአንዴ ብድግ ስትሉ ግፊቱ ይበልጥ የሚወርደው 10ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ እያገገመ ይሄዳል። ግድግዳ ተደግፋችሁ «ቆይ ቆይ» የምትሉባት ጊዜ እሷ ናት።

በራሴ ላይ ላየው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለአምስት ደቂቃ በጀርባችሁ ተኙ። ከአውራ ጣታችሁ በታች፣ የእጅ አንጓችሁ ላይ፣ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ ትርታውን ፈልጉ። ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ከዚያ ቁሙ። ጣታችሁን ከቦታው አታንሱ።

መጀመሪያ ላይ ትርታው ሲሳሳ ልታውቁት ትችላላችሁ። ወዲያው ይጣደፋል፤ ከጣታችሁ ሥር ምቱ እየተቀራረበ ሲመጣ ይሰማችኋል። ከዚያ ትንሽ ረገብ ይልና ተኝታችሁ ከቆጠራችሁት ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ይረጋል። በአብዛኛው ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ያህል ይጨምራል። ያ ጭማሪ የእነዚህ ነርቮች ሥራ ነው። በጣታችሁ ነካችሁት ማለት ይቻላል።

ትርታውን የምትቆጥሩት ከአንገት ሳይሆን ከእጅ ይሁን፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ። በቀላሉ ራሱን የሚስት ሰው ደግሞ ብቻውን አይሞክረው።

እንዲህ ያለ ጠባቂ እያለን ታዲያ ደም ግፊት የሚይዘን ለምንድን ነው?

ከሁሉም ጥያቄ ይበልጥ የምወደው ይሄንን ነው።

መልሱ፦ ነርቮቹ ይለምዳሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንገባ ሽታ ይቀበለናል፤ ትንሽ ቆይተን ግን ሽታው ያለ አይመስለንም። ባሮሪሴፕተሮችም እንደዚያው ናቸው። ግፊታችሁ ዛሬ ወደ 160 ወጥቶ እዚያው ቢቆይ መጀመሪያ ላይ ባለ በሌለ ኃይላቸው መልእክት ይልካሉ። አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ግን እየቀነሱ ይመጡና አዲሱን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ከ160 ዝቅ እንዳይል መጠበቅ ይጀምራሉ። ጠባቂው ቦታው ላይ አለ፤ የሚጠብቀው መስመር ግን ተቀይሯል።

ይሄንን ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1973 በውሾች ላይ ተደርጎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከነዚህ የነርቭ ጫፎች የሚመጣውን መልእክት አቋረጡና ግፊታቸውን ሌት ተቀን መዘገቡ። የአብዛኛው ሰው ግምት ግፊታቸው ሰማይ ይነካል የሚል ነበር። የቀኑ አማካይ ግን ከጤነኞቹ ብዙም አልራቀም። የተበላሸው መረጋጋቱ ነው። ሲተኙ፣ ሲነሱ፣ ሲበሉ፣ ሲደነግጡ ግፊታቸው በጣም ይወርድና በጣም ይወጣ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው የሥራ ክፍፍል መኖሩን ነው። የቅጽበቱን መዋዠቅ የሚይዙት ነርቮቹ ናቸው። ግፊታችን በወራትና በዓመታት ውስጥ የት ላይ እንደሚቀመጥ በመወሰን ረገድ ግን ትልቁ ድርሻ የኩላሊት ነው፤ ጨውና ውሃን ምን ያህል እንደሚያስቀርና ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይወስናል። ስለዚህ ጨው መቀነስ የሚመከረው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልበል። ለዓመታት ግፊቱ 170 የነበረ ሰው መድኃኒት ጀምሮ 130 ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካምና ማዞር ሊሰማው ይችላል። ነርቮቹ 170ን ለምደዋል፤ 130 ለእነሱ ውድቀት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ያቆማል። እባካችሁ አታቁሙ። ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ቀስ አድርጎ ሊያወርደው ይችላል። ነርቮቹ ወደ ላይ እንደለመዱ ሁሉ ወደ ታችም ይለምዳሉ። ጊዜ ስጧቸው።

«ግፊቴ ከፍ ሲል እኔ ራሴ አውቀዋለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

ሰዎቹን አልነቅፍም፤ የሚሰማቸው ነገር አለ። ግን ግፊቱ ራሱ አይደለም። የባሮሪሴፕተሮች መልእክት የሚደርሰው አንጎል ግንድ ነው፤ ቀዝቃዛና ትኩስን እንደምንለይበት ስሜት ሆኖ ወደ ሐሳባችን አይመጣም። ራስ ምታት፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲኖር ግፊት ተለክቶ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎም ምንም አይሰማም። ግፊት በጣም ሲያሻቅብ የሚመጡ ምልክቶች አሉ፤ እስከዚያ መጠበቅ ግን አደጋ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የደም ግፊት ሕሙማን መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ግማሽ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። የገዛ ነርቮቻቸው ለምደውታል፣ እነሱም አይሰማቸውም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ግን አይለምድም።

የእነዚህን ነርቮች ሥራ ማን ነው ያወቀው?

አንድ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1866 ኤሊ ሲዮን እና ካርል ሉድቪግ ጥንቸል ላይ አንድ ቀጭን ነርቭ አገኙ። ወደ አንጎል የሚሄደውን ጫፉን ሲያነቃቁት ግፊት ይወርዳል፣ ልብም ይዘገያል። ከልብ አካባቢ ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርስ ነርቭ እንዳለ በዚህ ታወቀ።

የአንገቱ ታሪክ ደግሞ የተሳሳተ መነሻ ነበረው። አንገትን መጫን ልብን እንደሚያዘገይ ሐኪሞች ቀድመው ያውቁ ነበር። ምክንያቱ ግን በአጠገቡ የሚያልፈው የቫገስ ነርቭ መጨፍለቅ ይመስላቸው ነበር። ሄንሪክ ኤዋልድ ሄሪንግ በ1920ዎቹ ጉዳዩ የቫገስ መጨፍለቅ ሳይሆን የካሮቲድ ሳይነስ መነካት መሆኑን አሳየ። ከዚያ የሚወጣው ትንሽ ነርቭ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ጠባብ ኮሌታ ራስን ያስታል የሚባለውስ?

ለአብዛኛው ሰው አያስትም። ካሮቲድ ሳይነሳቸው ከልክ በላይ ንቁ የሆነባቸው ሰዎች ግን አሉ። በዕድሜ በገፉት፣ ይበልጡን በወንዶች ላይ ይታያል። ኮሌታ ሲጠብቃቸው፣ ከረባት ሲያስሩ፣ ጺማቸውን ሲላጩ፣ አንገታቸውን በኃይል ሲያዞሩ ነርቮቹ «ግፊት ጨምሯል» ብለው ይሳሳታሉ። የተጫነው ከውጭ ነው፣ ለነርቩ ግን መለጠጥ መለጠጥ ነው። አንጎልም የተነገረውን አምኖ ልብን ያዘገያል። በአንዳንዶቹ ላይ ልብ ለሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆም ይላል። ሰውየው ይወድቃል። ይሄ የሚደጋገምበት ሰው የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል።

ትርታችሁን ከአንገት አትቁጠሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሐኪሞች አንዳንድ ዓይነት የልብ መጣደፍን ለማርገብ አንገትን በአንድ በኩል ያሻሉ፤ የሚያደርጉት ግን የልብ ኤሌክትሪክን የሚያነብ መሣሪያ አያይዘው፣ ደም ስሩም ጥበት እንደሌለው አዳምጠው ነው። በግድግዳው ላይ ስብ የተጋገረ ከሆነ ፍርፋሪው ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። እቤት ውስጥ አይሞከርም። ሁለቱንም ጎን በአንድ ላይ መጫን ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ነርቫቸው ደካማ ሆኖ ነው?

አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ሥርዓቱ ይገለበጥባቸዋል። ግፊት ሲወርድ ልብ መፍጠን ነበረበት፤ እነሱ ላይ ግን ቫገስ ፍሬኑን ይይዛል፣ ደም ስሮችም በዚያው ቅጽበት ይላላሉ። ደም ወደ አንጎል አይደርስም፣ ሰውየው ይወድቃል። ጠንካራ፣ ወጣትና ጤነኛ ሰው ላይ ይከሰታል፤ ከፈሪነት ጋር ማያያዝ አይገባም።

እንዲህ የሆነ ሰው ካጋጠማችሁ ደግፋችሁ አታቁሙት፣ ወንበር ላይም አታስቀምጡት። አጋድሙት። እግሩን ከፍ አድርጉለት። ደሙ ወደ ልቡ ይመለሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይነቃል።

ስፖርት ስንሠራ ግፊት ይጨምራል። ለምን አያወርዱትም?

አንጎል ራሱ መስመሩን ለጊዜው ከፍ ያደርግላቸዋል። ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከፍ ያለው ግፊት በዚያ ሰዓት ትክክለኛው ነው። ነርቮቹ ሥራ አያቆሙም፣ በአዲሱ መስመር ዙሪያ ይሠራሉ።

ሌላ ዳሳሽ የለንም?

አለን። የልብ የላይኛው ክፍሎችና ወደ ሳንባ የሚሄዱት ደም ስሮች ውስጥ ዝቅተኛ ግፊት የሚከታተሉ ሌሎች ነርቮች አሉ፤ የሚያውቁት በይበልጥ የደሙን ብዛት ነው። ከካሮቲድ ሳይነስ አጠገብ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ካሮቲድ ቦዲ የምትባል አካል አለች። እሷ ኦክስጅንን ትከታተላለች። ኮርኔይ ሄይማንስ በ1938 የኖቤል ሽልማት ያገኙት እነዚህ አካባቢዎች አተነፋፈስን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ በማሳየታቸው ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ማዞሩ ለምን ይበዛል?

ደም ቅዳዎች ከዕድሜ ጋር ይደርቃሉ። የደረቀ ግድግዳ አይለጠጥም። ግድግዳው ካልተለጠጠ የነርቩ ጫፍ የሚነግረው ነገር የለውም። ግፊቱ ቢለወጥም ወሬው ደክሞ ይደርሳል፣ ማስተካከያውም ይዘገያል። ለረጅም ጊዜ የቆየ ስኳር ሕመም ደግሞ ነርቮቹን ራሳቸውን ይጎዳል። ይሄ ጉዳት በፓርኪንሰን ሕሙማንም ላይ ይታያል።

በዚህ ላይ መድኃኒት ይጨመርበታል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለፕሮስቴት የሚሰጡት አልፋ ብሎከሮች፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ሰው ብድግ ሲል ግፊቱን ይጥሉበታል። ምግብ በልቶ መነሳትም አለ፤ ብዙ ደም ወደ አንጀት ስለሚሄድ። አረጋውያን ወድቀው አጥንታቸው ሲሰበር «አዳለጠው» ይባላል። ስንቱ ሲነሳ ግፊቱ ወርዶበት ይሆን?

ሲያዞረኝ ምን ላድርግ?

በደረጃ ተነሱ። ከአልጋ ስትወርዱ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን አንጠልጥላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ የባት ጡንቻ ሲጨበጥ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ከቆማችሁ በኋላ ማዞር ከመጣ እግራችሁን አጣምሩና ጭናችሁንና ሆዳችሁን አጥብቁ፣ ወይም ጣቶቻችሁን አቆላልፋችሁ እጆቻችሁን በኃይል ሳቡ። ካልተሻላችሁ ተቀመጡ፣ ቢቻል ተኙ። መውደቅን ለመሸሽ ማፈር አያስፈልግም።

ውሃ ቸል አትበሉ። ለአረጋውያንና የነርቭ ጉዳት ላለባቸው ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። በጣም በሞቀ ውሃ ታጥቦ በአንዴ መውጣትም ጥሩ አይደለም፤ ሙቀቱ የቆዳ ደም ስሮችን ያሰፋል።

እነዚህን ነርቮች በመሣሪያ ማነቃቃት ይቻላል?

ይቻላል። ካሮቲድ ሳይነስ አጠገብ ትንሽ ኤሌክትሮድ ይተከላል፤ ባትሪው ከአጥንተ ማንገት በታች ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። መሣሪያው ነርቮቹን ሲያነቃ አንጎል ግፊት የጨመረ መስሎት ነዳጁን ይቀንሳል። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ለተወሰኑ የልብ ድካም ሕሙማን ፈቅዶታል። ለተራ ደም ግፊት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው? ምን ብዬስ ልጠይቅ?

ማዞሩ ከተደጋገመ፣ ከወደቃችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ሂዱ። ራስ መሳቱ ስፖርት እየሠራችሁ፣ ተኝታችሁ ሳለ ወይም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ ለነገ አትበሉት። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከደከመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ግፊታችሁ ተቀምጣችሁ ብቻ ሳይሆን ቆማችሁም እንዲለካ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ተኝታችሁ ይለካል፤ ከዚያ በቆማችሁ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ማስተካከያው ላይ ችግር አለ ማለት ነው። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።